አባ ሰባ አራት

መርሳ ውስጥ አባቴን በስሙ የሚፈልግ እንግዳ ቢመጣ ሲጠይቅ ውሎ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ፣ እኔ የማስተምራቸው ልጆች ሁሉ የሚያውቁት «አባ ሰባ አራት» ብለው ነው። እኔንም ለአዲስ ሰው ሲያስተዋውቁ «ቲቸር ናት፤ የአባ ሰባ አራት ልጅ» ይላሉ። መጀመሪያ አካባቢ ደሜ ይፈላ ነበር። በትንሹም በትልቁም የምቆጣ ሰው ነኝ፤ አባቴ «አንቺ ስትወለጂ በርበሬ ሳይቀቡሽ አልቀሩም» ይለኝ ነበር። እያደር ግን እኔም ለመድኩት። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ካርድ ሳወጣለት «የታካሚው ስም ማነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ለአፍታ ጠፍቶኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጡረተኞች ሰልፍ ላይ ነው። ጡረተኞችን በሚያስተናግደው ቢሮ አንድ ስም ሲጠራ ሦስት ሽማግሌ አብሮ ይነሳል። በእኛ አገር ደግሞ ስም በሃይማኖት እንኳ አይለይም፤ የክርስቲያኑ አያት የእስላም ስም፣ የእስላሙ አባት የክርስቲያን ስም ይዞ ይገኛል። እስከ አያት ተጠርቶም ሁለት ሰው የሚነሳበት ቀን ነበር። ስለዚህ ጸሐፊዋ ስም መጥራቱን ትታ ከጡረታ መለያ ቁጥራቸው የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች መጥራት ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ይቀየማሉ ሲባል ጨዋታ አደረጉት። እንደ ድሮ መኳንንት የፈረስ ስም «አባ» ጨመሩበትና «አባ ሰባ አራት እንደምን አደርህ?»፣ «አባ ዐሥራ ሁለት፣ ፈረስህ ገብስ በላ ወይ?» እየተባባሉ መሳቅ ሆነ። ጨዋታው ከሰልፉ ወደ ገበያ፣ ከገበያው ወደ ሰፈር ወጣና በዚያው ስም ሆኖ ቀረ።

የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ ቁጥሩ በዜሮ ዘጠኝ የሚያልቀው አባ ዘጠኝ ነበር። እዚህ ላይ «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ስለምቀርበው ነው፤ ፊት ለፊትማ «አንቱ» ነበር የምለው። ጡረታ የወጣ የጤና ረዳት ነው፤ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ መርፌ ወግቷል። ሚስቱ ሞታለች፣ አንድ ልጁ ደሴ ናት፣ እሱ ብቻውን ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ከቁልቋሉ አጥር ማዶ ይኖራል። ከሰዓት በኋላ ሰላቱን ሰግዶ ወደ እኛ ሲመጣ ገና ሳይታይ ድምፁ ይቀድመዋል። ጆሮው ደክሞ ስለነበር ሰው ሁሉ እንደ እሱ የማይሰማ ይመስለዋል። «አባ ሰባ አራት! ተነሳህ ወይ?» ይላል ከቁልቋሉ ጀርባ። አባቴ በራችን ላይ ካለው ግንድ ላይ እንደተቀመጠ «አልሞትኩም፤ ና!» ይለዋል።

ከዚያ የማያልቅ ክርክራቸው ይቀጥላል፤ ታላቁ ማነው? የተወለዱበትን ቀን የጻፈላቸው ሰው የለም። አባ ዘጠኝ «ወላሂ ሰባ አራት የሞላኝ እኔ ነኝ! ያ ቁጥር የእኔ ነበር፤ ሰርቀኸኝ ነው። አንተ ሰባም አልሞላህ» ይላል። አባቴ «ሂድ ወዲያ! ታላቅህን አክብር» ይለዋል። እኔ የተማሪ ደብተር እያረምኩ በመስኮት እሰማቸዋለሁ፤ አንዳንዴም «ኧረ እናንተ ሰዎች ዛሬ እንኳ ሌላ ወሬ አውሩ» ብዬ እጮህባቸዋለሁ። ሌላ ወሬ ግን አልነበራቸውም።

አባቴ በቀድሞው ጦር ውስጥ ወታደር ነበር። የግራ ጉልበቱን እዚያው አበላሽቶት ነው የመጣው። ስለዚያ ዘመን የጠየቀው ሰው ቢኖር «የመንግሥት ሥራ ላይ ነበርኩ» ብሎ ወሬ ይለውጣል። ከተማው ብርቱካን ሲኮተኩት እንጂ ጠመንጃ ሲይዝ አላየውምና ጭራሽ ረስቶት ነበር። ያልረሳው መለያ ቁጥሩ ነው። በዚያ ቢሮ የወታደር ጡረተኛ ቁጥር በ«መ» ይጀምራል፣ የሲቪሉ በ«ሲ»። አባቴ «መ» ነው፤ አባ ዘጠኝ «ሲ» ነው።

የቢሮው ኃላፊ መልካም ሰው ነበር፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለመናደድ በቀለለኝ። ደብዳቤዎቹ ከወልድያ የሚመጡት በሚኒባስ ነው፤ በላስቲክ ታስረው ከሾፌሩ ፊት መስታወቱ ሥር ተቀምጠው ይደርሳሉ። ቀድሞ ስም ፖስታው ላይ ይጻፍና በረንዳው ላይ ጮክ ተብሎ ይጠራ ነበር። ኃላፊው «የሰው ገመና ነው፤ ስም አደባባይ አይወጣም» ብሎ ይህን አስቀረ። በምትኩ ፖስታው ላይ መለያ ቁጥሩ ብቻ በወፍራም ማርከር ይጻፋል። ከዚያ ወደ አውራ ጎዳናው በሚያየው መስኮት፣ ከመስታወቱ በስተውስጥ በተወጠረ ሲባጎ ላይ፣ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላል። ከሲሪንቃም ከውርጌሳም የሚመጣ ሽማግሌ ቢሮው ዝግ ቢሆን እንኳ ከውጭ ቁጥሩን አይቶ ደብዳቤ እንዳለው ያውቃል፤ ስሙንም የሚያይበት የለም።

አሳቡ ጥሩ ነበር። ግን በእኛ ከተማ የማይታወቀው ስም ነው፤ ቁጥሩንማ የአንደኛ ክፍል ልጆች ያውቁታል። «ቲቸር፣ አባ ሰባ አራት ተሰቅሏል!» እያሉ እየሮጡ ይመጡብኛል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ቢሮው ገብቼ ተጣላሁ። «የአባቴ ጉዳይ ቤቱ ሳይደርስ ለምን መንገድ ላይ ይሰጣል?» አልኩ። ኃላፊው አልተቆጣም። ወንበር ሳበልኝና «እህቴ፣ ቁጥር እኮ ነው። ቁጥር አይቶ ሰው የሚያውቅ ማን አለ?» አለኝ። በመስኮቱ ትይዩ አንዲት ማንጎ ሻጭ ለጓደኛዋ በጣቷ ፖስታዎቹን እያሳየች ማን ማን ደብዳቤ እንደመጣለት ትቆጥርላት ነበር። ኃላፊው ጀርባውን ሰጥቷት ስለነበር አላያትም።

በዚያ ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። መጀመሪያ ከወልድያ በላይ ያሉ ሰዎች ፍራሻቸውን በአህያና በጋሪ ጭነው ወደ ደሴ ያልፉ ጀመር። ቀጥሎ የወልድያዎቹ ራሳቸው መጡ፤ የማውቃቸው መምህራን ልጆቻቸውን አዝለው በእግር ሲያልፉ አየሁ። ቀን ዝናብ፣ ከዝናቡ ጋር የሚምታታ የሩቅ ድምፅ። «ነጎድጓድ ነው» ይላል አንዱ። አባቴ ጆሮውን ወደ ሰሜን አዘንብሎ ይሰማና «ነጎድጓድ አይደለም» ይላል፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይጨምርም።

የመጨረሻው ሚኒባስ ከወልድያ ሲደርስ ሰው ጣሪያው ላይ ሳይቀር ተጭኖ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሾፌሩ የደብዳቤዎቹን እስር አልረሳም። በየዓመቱ የሚመጡት ናቸው፤ ጡረተኛው ደብዳቤውን ይዞ በአካል ቀርቦ በሕይወት መኖሩን እንዲያረጋግጥ የሚጠሩ። ያልቀረበ ሰው እንደ ሞተ ይቆጠርና ጡረታው ይቋረጣል። ኃላፊው ያን ጧት እንደ ልማዱ ቁጥራቸውን ወደ መንገድ አዙሮ በመቆንጠጫ ሰቀላቸው። ቀትር ላይ ከወዲያ የመጣ ወሬ ከተማውን አናወጠው፤ ኃላፊው በሩን ቆልፎ ቤተሰቡን ይዞ በባጃጅ ወደ ውርጌሳ እግሬ አውጪኝ አለ። አልፈርድበትም። ቁልፉ በኪሱ አብሮት ሄደ።

እኔ ልብስ በጆንያ ከትቼ አባቴ ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ ተነስ። ሰው ሁሉ እየወጣ ነው።»

«ደብዳቤዬስ?»

«የምን ደብዳቤ?»

«ተሰቅሏል እኮ። ሳልፈርም ብሄድ ሞቷል ብለው ይዘጉኛል።»

«እዚህ ከተቀመጥን በእውነት እንሞታለን!»

«እሱ ሌላ ነገር ነው» አለኝ። ፍልሰታን እየጾመ ስለነበር ድምፁ ደክሟል። ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና «ደግሞስ በዚህ እግር የት ድረስ ልታደርሺኝ ነው?» አለ። ጆንያውን መሬት ላይ ወረወርኩት። በንዴት አለቀስኩ፤ እሱን ትቼ ለመሄድ ደግሞ አንጀቴ አልቻለም።

ማምሻውን ከወልድያ በኩል የመጣች አንዲት ሴት በራችን ላይ ውሃ ጠጣች። ታጣቂዎቹ በደረሱበት ሁሉ አንድ ጥያቄ እንደሚጠይቁ የነገረችን እሷ ናት። «ጦር ውስጥ የነበረ ሰው ማነው? ይላሉ። የድሮም ቢሆን» አለች። ጣሳውን መለሰችልኝና መንገዷን ቀጠለች። አባቴን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ወዲያው ያ መስኮት ትዝ አለኝ።

ሳይጨልም ሮጥኩ። ፖስታዎቹ ከመስታወቱ ኋላ ተደርድረዋል፤ የአባቴ መሐል ላይ ነው፣ «መ» የምትለው ፊደል ከመንገዱ ማዶ ትነበባለች። በውጭ ያለው የብረት ፍርግርግ ከጣቶቼ በላይ አያሳልፍም። በሩን ገፋሁት፣ መታሁት፣ ሰደብኩት። መጨረሻ ላይ ከመንገዱ ዳር ጭቃ እየዘገንኩ መስታወቱ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። መምህር የተባልኩ ሴትዮ እስከ ክርኔ በጭቃ ተለውሼ የመንግሥት መስኮት ስለስን የሚያይ ሰው ቢኖር አብዳለች ይል ነበር፤ የሚያይ ግን አልነበረም። አንድም ፊደል እስከማይታይ ሸፈንኩትና ወደ ቤት ተመለስኩ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጭቃውን አጥቦ መስታወቱን ከበፊቱ ይልቅ ንጹሕ አደረገው።

በማግስቱ ታጣቂዎቹ ከተማውን ያዙ። ብዙ ጩኸት ይኖራል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። የመጡት ግን በዝምታ ነው፤ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ተራ ይዘው፣ የተዘጋውን በር ሁሉ እያዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ማረፊያቸውን ያደረጉት የቢሮውን ግቢ ነው፤ ለምን እሱን መረጡ አይባልም፣ አጥር ያለው እሱ ነው።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ከዚያ ውሃ ለመቅዳት ወጥቼ በዚያ በኩል አለፍኩ። ቀና ብዬ ማየት አልደፈርኩም፤ ጄሪካኑን የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩና በጎን አየሁ። ሲባጎው እንዳለ ነው። በ«ሲ» የሚጀምሩት ፖስታዎች እንደተሰቀሉ ናቸው፤ የአባ ዘጠኝም አለ። «መ» ያለባቸው ግን አንድም አልቀረም። መሐል መሐል ላይ ባዶ መቆንጠጫዎች ብቻ ቀርተዋል። ማንም ሰው ደንግጦ ቢያነሳቸው ኖሮ ሁሉንም ይቦጭቅ ነበር። እነዚህን ያነሳቸው ሰው ቆሞ፣ አንብቦ፣ ለይቶ ነው።

ደብዳቤው ውስጥ ስም አለ። ከዚያ በኋላ በስም መጠየቅ ጀመሩ። ጨው የሚሸጠውን ሰውዬ የአባቴን ስም እስከ አያቱ ጠርተው ጠየቁት። አላውቅም አለ፤ እውነቱን ነው፣ አያውቅም። ማንጎ ሻጮቹን ጠየቁ፣ አያውቁም። ባጃጅ ሾፌሩን አንድ ሰዓት አቁመው ጠየቁት፣ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ የሚናገረው አጣ። እኔን እንኳ መንገድ ላይ አስቁመው ጠየቁኝ፤ የገዛ አባቴን ስም ሰምቼ «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ሰፈር የለም» ስል ፊቴ አልተለወጠም፤ እንግዳ ስም ሆኖብኝ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን የቅጽል ስም መረቅሁት።

ቤት ስደርስ ግን ደስታዬ በረረ። ስሙ ማንንም አያገኝም፤ ቁጥሩ ግን ፖስታው ላይ ነው፣ ፖስታው እጃቸው ላይ ነው። አንድ ልጅ ከአጥር ኋላ «አባ ሰባ አራት!» ብሎ ቢጣራ አለቀ። በዚያው እግሬ ከቤት ቤት ዞርኩ። «እባካችሁ፣ በዚያ ስም አትጥሩት» አልኩ። «ታዲያ ማን እንበለው?» አለችኝ ጎረቤታችን፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። «ምንም አትበሉት!» አልኳት። ልጆቹን ሰብስቤ እንደ ትምህርት አስጠናኋቸው። ሁሉም ገባቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ በሰፈራችን ስም የሌለው ሰው ሆነ። ሲያልፉ አንገታቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጉለታል።

የቀረኝ አባ ዘጠኝ ነበር። እሱ ጋር ስደርስ ጭንቅ ያዘኝ፤ ለማይሰማ ሰው ምሥጢር እንዴት ይነገራል? መጮህ አለብኝ። ከቤቱ ጀርባ ካለው ቧንቧ ታጣቂዎቹ ውሃ ይቀዳሉ፤ ሳቃቸው ሳይቀር ይሰማል። ቀርቤ በጆሮው አንሾካሾክሁ፤ «ምን? ምን አልሽ ልጄ?» ብሎ ቤቱን አናጋው። በምልክት ዝም ይበሉ አልኩት። ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁና በሩ ላይ፣ በስተውስጥ፣ በትልልቁ «አባቴን ሰባ አራት ብለው አይጥሩት» ብዬ ጻፍኩ። መነጽሩ አንድ ጎኑ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ቀረበ፣ ራቀ፣ ጣቱን በፊደሎቹ ላይ እየሳበ «ሰባ... አራት...» ብሎ በዚያ ድምፁ ማንበብ ጀመረ። አፉን በመዳፌ ያዝኩት። ታላቄን፣ የአባቴን ጓደኛ፣ አፉን ያዝኩት።

አልተቆጣም። እጄን ከአፉ ላይ አነሳና ሳቅ አለ። «ምነው ልጄ፣ ዕድሜዬን ደግሞ ከማን ልደብቅ?» አለኝ። ጽሑፉን በነጠላዬ ጠረግሁት። በሩ ላይ ሲሸኘኝ ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገኝ። «አብሽሪ» አለኝ፤ ይህን ያለው በዝግታ ነበር። ገብቶታል ብዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ደግሞ አልገባውም አልኩ። ማታ አባቴን «ገብቶታል?» ብዬ ስጠይቀው «እሱ መቼ ምን ይገባዋል!» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ጥቂት ቀን አባ ዘጠኝ ሳይመጣ ቀረ። ገብቶታል ማለት ነው ብዬ ልቤ ረጋ።

ከዚያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጣ። አባቴ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሰልችቶት ግንዱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። «ግባ» አልኩት፤ «ትንሽ ይሙቀኝ» አለ። ሁለት ታጣቂዎች ከላይ በኩል ሰፈሩን እየጠየቁ ሲወርዱ ያየኋቸው ዘግይቼ ነው። አንደኛው ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ እኔ ከማስተምራቸው ትልልቆቹ ጋር ቢቀመጥ አይለይም። እጁ ላይ ፖስታ ይዟል። እኛ በር ላይ ቆሙና ልጁ ስም ጠራ፤ የአባቴን ስም፣ እስከ አያቱ።

«አናውቅም» አልኩ።

«አንተስ፣ አባት?»

አባቴ ገና አፉን ሳይከፍት ከቁልቋሉ ጀርባ ያ ድምፅ መጣ።

«አባ ሰባ አራት! ተነሳህ ወይ?»

ልጁ ፖስታውን አየ፣ ወደ ቁልቋሉ አየ። ቁጥሩ ላይ ጣቱን አሳረፈ። አባ ዘጠኝ ከአጥሩ ጥግ ብቅ ሲል ነጭ ቆቡን እንዳደረገ፣ በትሩን እንደያዘ፣ እንደ ወትሮው እየሳቀ ነበር። የተጣራው እሱ ይሁን ሌላ ሰው፣ የተጠራውስ ማን ይሁን፣ ታጣቂዎቹ አላዩም።

«ሰባ አራት ማነው?» አለ ልጁ።

አባቴ በዚያ ጉልበቱ ከግንዱ ላይ ተነሳ። «እኔ ነኝ» አለ። በግልጽ ነው ያለው፤ ሰምቼዋለሁ።

አባ ዘጠኝ መዳፉን ጆሮው ላይ ለጠፈ። «ምን አልክ ልጄ?»

«ሰባ አራት ማነው ነው የምልህ!»

«ሰባ አራት? እኔ ነኛ!» አለ አባ ዘጠኝ። በትሩን ወደ አባቴ አንስቶ ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄን አትመነው! ይሄ ሰባም አልሞላው፤ ሁልጊዜ እንዲህ እየዋሸ ነው ታላቄ ነኝ የሚለኝ። ሰባ አራት እኔ ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።»

ልጁ ቆቡን አየ፣ ፖስታው ውስጥ ያለውን ስም አየ። የእኛን አገር ስም አመጣጥ የሚያውቅ ሰው ነው መሰለኝ፣ ቆቡ አላጠራጠረውም። «ና፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አለው። አባቴ «ልጄ፣ ተሳስታችኋል፣ እኔ ነኝ» እያለ እግሩን እየጎተተ ተከተላቸው። ሁለተኛው ታጣቂ ዞሮ በመሣሪያው አፍ ደረቱን ገፋ አደረገው፤ «ተቀመጥ፣ ሽማግሌ» አለው። አባቴ ወደቀ። እኔ እሱን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። አባ ዘጠኝ በመሐላቸው እየሄደ አንድ ጊዜ ወደ እኛ ዞሮ «ውሸታም!» አለው አባቴን። አሁንም እየሳቀ ነበር።

በማግስቱ ምግብ ይዤ ግቢው በር ላይ ሄድኩ። «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም» አሉኝ። በሌላው ቀንም ሄድኩ፣ እንደዚያው አሉኝ። ከወራት በኋላ አንድ ጧት ከተማው ባዶ ሆኖ አደረ፤ እንደመጡት በዝምታ ሄደዋል። የአባ ዘጠኝ ልጅ ከደሴ መጣችና አብረን ግቢውን፣ ወንዙን፣ እስከ ውርጌሳ ያለውን ሁሉ ፈለግን። አየሁት የሚል ሰው አላገኘንም። ተስፋ ስንቆርጥ በተከፈተው በር ወደ ቢሮው ገባሁና ከሲባጎው ላይ የእሱን ፖስታ አወረድኩ። የከረመበት ፀሐይ ማርከሩን አደብዝዞታል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ወስጄ ለአባቴ ሰጠሁት።

አባቴ «ሰምቷል» ይላል፤ «አንድም ሳይቀር ሰምቷል፤ ጽሑፍሽም ገብቶታል፤ ለዚህ ነው እነዚያን ቀናት ያልመጣው።» ታዲያ ለምን ተጣራ ስለው ከዘራውን አንስቶ ወደ ግንዱ ይወጣል። እኔ እያደርኩ ሐሳቤን እለውጣለሁ። አንዳንድ ቀን ታጣቂዎቹን በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ፣ አስቦበት ነው የተጣራው እላለሁ። ሌላ ቀን የተለመደው የዕድሜ ክርክር እንጂ ሌላ ነገር አልመሰለውም እላለሁ። ያ ሳቁ ለሁለቱም ይሆናል። ይህን ማወቅ አለመቻሌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኃላፊው ሲመለስ ከስቶ ነበር። የሆነውን ነገርኩት፤ እንዳልጣላው ፈርቶ ነበር መሰለኝ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም ለጠብ የሚሆን አቅም አልነበረኝም። ሲባጎውን በገዛ እጁ በጠሰው፤ መስታወቱን ነጭ ቀለም ቀባው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር የሚጻፈው ከፖስታው ውስጥ ነው፤ ፖስታው ታሽጎ በእጅ ይሰጣል፤ ጸሐፊዋም ጡረተኞቹን የምትጠራው በስማቸው ነው።

ቢሮው እንደገና የተከፈተ ሰሞን አባቴን ይዤ ሄድኩ፤ በሕይወት መኖሩን ሊፈርም። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። «አባ» የሚል አልነበረም። ጸሐፊዋ የአባቴን ስም እስከ አያቱ ጠራች። ማንም አልተነሳም። ደገመች። አባቴ የሌላ ሰው ስም እንደተጠራ ሁሉ ከዘራውን እያየ ተቀምጧል። ክርኑን ነካ ሳደርገው አልተንቀሳቀሰም። ጸሐፊዋ ግራ ሲገባት ከአፏ አመለጣት።

«አባ ሰባ አራት!» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ተነሳ። በዝግታ እስከ ጠረጴዛዋ ሄደ።

«ሰባ አራትን ወስደውታል» አላት።

«ኧረ እሱስ... ታዲያ አንቱ ማነዎት?»

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና በፀሐይ የደበዘዘውን ፖስታ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«ዘጠኝ ነኝ። በሕይወት አለ ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ።»

እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።